ሳትደርቁ ማሰብ፦ በእንግሊዝኛ ወሬ መሃል ጊዜ መግዣ መንገዶች

አንድ ጊዜ በኦንላይን ስብሰባ ላይ ስለምሠራው ሥራ ተጠየቅኩ። መልሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። በአማርኛ ቢሆን ግማሽ ሰዓት አወራበት ነበር። ግን አፌን ከመክፈቴ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በጭንቅላቴ ውስጥ ሰካክቼ ልጨርስ ብዬ ዝም አልኩ። ቢበዛ ሦስት ሰከንድ ነው። ጠያቂው ግን "ኔትወርኩ ተቋረጠ መሰለኝ" ብሎ ጥያቄውን ለሌላ ሰው አሳለፈው። ሌላው ሰው እኔ ልል ያሰብኩትን መለሰ። ያውም ግማሹን ብቻ።

ያን ቀን የጎደለኝ እንግሊዝኛ አልነበረም። የጎደለችኝ "እየመጣሁ ነው" የምትል አንዲት ድምፅ ናት።

ይህን የምጽፈው እንግሊዝኛ ለሚጀምሩ አይደለም። ፊልም ያለ ጽሑፍ ለምታዩ፣ ኢሜይል ሳትቸገሩ ለምትጽፉ፣ ግን ድንገት "አንተስ ምን ትላለህ?" ስትባሉ ለምትደርቁ ነው። ጉዳዩ የቃላት ብዛት አይደለም። የጊዜ ጉዳይ ነው።

ጊዜው ለምን ያጥራል?

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በ10 ቋንቋዎች የሚደረጉ ጥያቄና መልሶችን ለካ። በጥያቄውና በመልሱ መሃል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። የሰከንድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። በሌላ በኩል አንድ ሰው ሥዕል አይቶ ስሙን ለመጥራት ብቻ 600 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አንዲት ቃል ነች እንግዲህ! ሒሳቡ አይገጥምም። የሚገጥመው ሰው ሌላው ተናግሮ ሳይጨርስ መልሱን ማዘጋጀት ስለሚጀምር ነው።

ስለዚህ እንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ከእናንተ ፈጥኖ አያስብም። ቀድሞ ይጀምራል። ካልደረሰለት ደግሞ ዝም አይልም፣ ድምፅ ያሰማል።

ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። "ትናንት ማታ ከጓደኛዬ ጋር በዚያ ጉዳይ ላይ..." ብዬ ስጀምር ገና አልወሰንኩም። ተጣላን ልል እችላለሁ፣ ተስማማን ልል እችላለሁ። እየተናገርኩ አስባለሁ። በዚያ ላይ "ሄጄ፣ አነጋግሬው፣ ወረቀቱን አይቼ..." እያልኩ መቀጠል እችላለሁ። ማሰሪያው ስላልመጣ ሰሚው ይጠብቀኛል። ማንም አያቋርጠኝም።

እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም። "አይ" ወይም "ዊ" ካላችሁ ወዲያው ግሡን ይጠይቃችኋል። ማን? ምን አደረገ? ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ውለዱ ይላችኋል። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን የለመድነው ጀምሮ ማሰብን ነው። ስለዚህ "አይ... አይ... አይ ዋዝ..." እያልን ሁለተኛዋ ቃል ላይ እንቆማለን። ይህ የራሴ ትዝብት ነው፤ ግን የራሳችሁን ንግግር ብታዳምጡ የምታገኙት ይመስለኛል።

ከዚህ ተነስቼ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ጊዜ የሚገዛው ዓረፍተ ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ነው። ያ ካመለጣችሁ ደግሞ የምትቆሙበትን ቦታ መርጣችሁ ቁሙ።

ደረጃ 1፦ የት እንደምትቆሙ እወቁ

ስልካችሁን አውጡ። ያልተዘጋጃችሁበት አንድ ጥያቄ ውሰዱ። "ባለፈው ዓመት ሐሳብህን የቀየርክበት ነገር ምንድነው?" ዓይነት። ለሁለት ደቂቃ በእንግሊዝኛ መልሱና ቅዱት። የራስን ድምፅ መስማት ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ቻሉት።

ስታዳምጡ ዝም ያላችሁበትን ቦታ ሁሉ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉበት። አንዳንዱ ዝምታ ከመጀመራችሁ በፊት ነው። አንዳንዱ አንድ ሐሳብ አልቆ ሌላው ሳይጀምር ነው። ይህኛው ምንም ችግር የለውም፤ ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ዓይነት ሐረግ መሃል የሚወድቀው ነው። "ኢት ዋዝ ኤ ቬሪ..." ብላችሁ ጸጥ። ሰሚው ተንጠልጥሎ ይቀራል። በሁለተኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው ከአፍ ፈቺው በብዙ የሚለየው በዚህ ነው። የዝምታው ብዛት ሳይሆን የሚወድቅበት ቦታ ነው የሚያስታውቀው።

ይህን ቀረጻ አታጥፉት። በኋላ እንፈልገዋለን።

ደረጃ 2፦ ጥያቄው ሳያልቅ ጀምሩ

ብዙዎቻችን ጥያቄ ሲቀርብልን ሥራችን ማድመጥ ብቻ ይመስለናል። እያንዳንዷን ቃል ይዘን፣ ወደ አማርኛ መልሰን፣ በአማርኛ አስበን፣ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ እንገለብጣለን። እዚያ መሃል ነው ጊዜው የሚበላው።

በደረጃችሁ ሁሉንም ቃል መያዝ አያስፈልጋችሁም። ከጥያቄው የመጀመሪያ ቃላት ዓይነቱን ለዩ። አዎ ወይም አይደለም የሚያሰኝ ነው? ምክንያት ነው የሚፈልገው? ታሪክ እንድትነግሩት ነው? አስተያየት ነው? "ዋይ" ከሰማችሁ መልሳችሁ ከሞላ ጎደል ምክንያት መሆኑ ታውቋል። "ሃቭ ዩ ኤቨር" ከሰማችሁ አንድ አጋጣሚ መፈለግ መጀመር ትችላላችሁ። የቀረው ጥያቄ እየመጣ አእምሯችሁ ሥራ ላይ ነው።

ሙሉ መልስ ግን አታዘጋጁ። እኔን ያበላሸኝ እሱ ነው። የመጀመሪያዋን ሐረግ ብቻ፦ ማን፣ ምን አደረገ። የቀረው በመንገድ ላይ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዋ ድምፅ

ጥያቄው እንዳለቀ አንድ ድምፅ ማሰማት አለባችሁ። ትንሽ ትሁን። ሥራዋ "ሰምቼሃለሁ፣ ተራው የእኔ ነው፣ ልናገር ነው" ማለት ነው።

ቀላሏ "ኧም" ናት። ብዙ የእንግሊዝኛ አስተማሪ "ኧም አትበሉ" ይላል። በዚህ አልስማማም። ኸርበርት ክላርክና ጂን ፎክስ ትሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ "ኧ" እና "ኧም" ትርጉም ያላቸው ቃላት ናቸው ብለው ተከራክረዋል። "ኧ" አጭር መዘግየት ሊመጣ ነው ትላለች፣ "ኧም" ደግሞ ረዘም ያለ። ሰሚው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ረዘም ላለ ሐሳብ "ኧም" ብላችሁ ከንፈራችሁን ግጠሙ። አንድ ጊዜ፣ በዝግታ። በየቃሉ መሃል አምስት ጊዜ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

እግረ መንገዴን፦ የአማርኛውን "ማለት" ወይም "ምንድነው" በእንግሊዝኛ መሃል የምትጥሉ ከሆነ ቀረጻው ይነግራችኋል። እኔ "ማለቴ" እንደምል ያወቅኩት ከቀረጻ ነው። ምላስ ሲጨንቀው ወደ ቤቱ ይሮጣል።

ከ"ኧም" ሌላ "ዌል"፣ "ሶ" እና "ራይት" አሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እነዚህ ቃላት ባዶ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። "ራይት" ስትሉ ጥያቄው ገብቶኛል ማለታችሁ ነው። "ሶ" ስትሉ ማብራሪያ ልጀምር ነው። "ዌል" ስትሉ ደግሞ መልሱ አንተ እንደጠበቅከው ቀጥ ያለ አይደለም እያላችሁ ነው።

"ዌል" የምታመጣው ጣጣ አለ። አንድ ሰው "ነገ መምጣት ትችያለሽ?" ብሎ ጠየቀ እንበል። በእንግሊዝኛ ወሬ እሺታ ቶሎ ይመጣል። እምቢታ ግን ዘግየት ብሎ፣ በ"ዌል" ታጅቦ ነው የሚመጣው። በሁለት ሰው ወሬ ላይ ጥናት የሚያደርጉ ምሁራን ይህን ደጋግመው ያዩት ነው። እናንተ ሐሳባችሁ እሺ ሆኖ፣ ሰዋስው ስትፈልጉ ሁለት ሰከንድ ቆይታችሁ "ዌል..." ካላችሁ ሰውየው እምቢታ ሰምቶ "ችግር የለም፣ ተዪው" ይላል። እኛም ዘንድ እኮ "እንግዲህ እስቲ..." ብሎ የጀመረ ሰው እንደማይመጣ እናውቃለን።

ስለዚህ ግብዣ፣ ጥያቄ ወይም ልመና ሲሆን እሺታውን አስቀድሙ። "ሹር" ወይም "የስ፣ ኦፍ ኮርስ" በሉ። ከዚያ ጊዜያችሁን ግዙ። "ሹር፣ ሌት ሚ ጀስት ቼክ..." ብላችሁ ማሰብ ትችላላችሁ። መልሳችሁ እምቢ ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል። በ"ዌል" ጀምሩና አትቸኩሉ።

ደረጃ 4፦ አምስት ሐረግ ምረጡ፣ ከዚያ በላይ አይደለም

የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ ደረጃ ማዕቀፍ ይህን ችሎታ በግልጽ አስቀምጦታል። ቢ2 ላይ፣ ማለትም ከስድስቱ ደረጃዎች አራተኛው ላይ ያለ ሰው ጊዜ ለማግኘትና ተራውን ላለመልቀቅ የተለመዱ ሐረጎችን መጠቀም ይችላል ይላል። ቀጥሎ ያለው ሲ1 ላይ የደረሰው ደግሞ ካሉት ሐረጎች ለቦታው የሚስማማውን ይመርጣል። ልዩነቱ መምረጡ ላይ ነው። ጊዜ መግዛት የደካማ ተናጋሪ ምልክት ቢሆን ኖሮ እዚያ ደረጃ ላይ አይጻፍም ነበር።

ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ እንዲህ ያለ ሐረግ ሃምሳና መቶ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። አትሸምድዱት። ሐረጉን ለማስታወስ የምታስቡ ከሆነ ማሰቢያ ጊዜ አልገዛችሁም፣ ሌላ ጥያቄ ነው የጨመራችሁት። ለአፋችሁ የሚመቹ አምስት ይበቃሉ።

እኔ የያዝኳቸው እነዚህ ናቸው። "ሌት ሚ ቲንክ"፤ እስቲ ላስብ። የትም ቦታ ይሄዳል፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅም ቢሆን። "ሃው ሻል አይ ፑት ኢት"፤ እንዴት ብዬ ልንገርህ። ይህ ሐሳቡ ኖሮ ቃሉ ሲጠፋ ነው። "ኢት ዲፔንድስ"፤ እንደ ሁኔታው ነው። ግን ከዚህ በኋላ በምን ላይ እንደሚወሰን መናገር ግዴታችሁ ነው፤ ሳትናገሩ ከቀራችሁ መሸሽ ይመስላል። "አይቭ ኔቨር ሪሊ ቶት አባውት ኢት"፤ አስቤበት አላውቅም። እውነት ሲሆን ብቻ። ስለ ሥራ ልምዳችሁ ተጠይቃችሁ ይህን ካላችሁ ጉድ ነው የሚፈላው። አምስተኛው "ኦፍ ዘ ቶፕ ኦፍ ማይ ሄድ" ነው። ሳልዘጋጅ ወዲያው የመጣልኝን ልንገርህ እንደ ማለት ነው። ቁጥር ወይም ምሳሌ ስትጠየቁ ይጠቅማል፤ ጊዜም ይሰጣል፣ ብትሳሳቱም ይቅርታውን አስቀድሞ ይጠይቅላችኋል።

"ዛትስ ኤ ጉድ ክዌስችን" የት ገባ የሚለኝ አይጠፋም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ሁሉም ሰው ይለዋል። ከመብዛቱ የተነሳ ጋዜጠኛ ያፋጠጠው ባለሥልጣን ያስመስላል። ጥያቄው በእውነት ጥሩ ከሆነ በአንድ ወሬ አንድ ጊዜ በሉት። "ከየት ነህ?" ለሚል ሰው ግን በፍጹም።

አንድ ትልቅ ስህተት አለ። ሐረጉን በጥድፊያ መጣል። "ሌትሚቲንክ" ብላችሁ በግማሽ ሰከንድ ካወጣችሁት የገዛችሁት ግማሽ ሰከንድ ነው። ቀስ በሉ። "ሌት ሚ..." ብላችሁ ሳብ አድርጉና "ቲንክ" በሉ። ሁለት ሰከንድ ሆነ። ረጋ ማለቱም የሚያስብ ሰው ያስመስላል እንጂ የተቸገረ አያስመስልም። አፋችሁ ሐረጉን ሲል አእምሯችሁ ያችን ሁለት ነገር ይወስን፦ ማን፣ ምን አደረገ።

ደረጃ 5፦ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መልሱት

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚሰጠው ይህ ነው። ለእኔ ከሐረጎቹ ሁሉ ይበልጣል። ምክንያቱም ወሬውንም ይጠቅማል።

ጥያቄውን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ በሉት። "ሶ ዩር አስኪንግ ዌዘር..." ብላችሁ ስትጀምሩ ሦስትና አራት ሰከንድ አገኛችሁ። በተሳሳተ መንገድ ገብቷችሁ ከሆነም ሰውየው እዚያው ያርማችኋል። የተሳሳተ ጥያቄ አሥር ደቂቃ ከመመለስ ይሻላል።

ከዚህ የሚሻለው ሁለት ምርጫ ማቅረብ ነው። "ዱ ዩ ሚን ዘ ኮስት ኦር ዘ ታይም?" ዋጋውን ነው ወይስ ጊዜውን? አሁን ኳሷ ወደ እሱ ሄደች። እሱ ሲመልስ እናንተ ታስባላችሁ። እግረ መንገዱንም ጥያቄው ጠበበ። የጠበበ ጥያቄ ደግሞ ለመመለስ ይቀላል።

ግማሹ ብቻ ካልተሰማችሁ "ዋት?" ወይም "ሶሪ?" አትበሉ። ሰውየው ሁሉንም ከመጀመሪያው ይደግመዋል፣ ብዙ ጊዜም ጮክ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚናገር። የተሰማችሁን ይዛችሁ የቀረውን ጠይቁ። "ዘ ሪፖርት ፎር... ሁ?" ብትሉ የጎደለችውን አንዲት ቃል ብቻ ይሰጣችኋል። ቋንቋው እንደማይከብዳችሁም ይረዳል።

በየጥያቄው ግን አታድርጉት። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ጥያቄ በጥያቄ ከመለሳችሁ መርማሪ ፖሊስ ሆናችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ረጅም ዝምታ ሲያስፈልግ አስታውቁ

አንዳንዱ ጥያቄ አምስትና ስድስት ሰከንድ ይፈልጋል። በድምፅና በሐረግ ብቻ አይሞላም። ሐረግ በሐረግ ላይ ብትደራርቡ ደግሞ "ዌል፣ ኧም፣ ሌት ሚ ሲ፣ ዩ ኖው..." ሆኖ ያስቃል።

እዚህ ላይ ዝም በሉ። ግን ዝም ከማለታችሁ በፊት ንገሩት። "ጊቭ ሚ ኤ ሰከንድ" በሉና በእርግጥ ዝም በሉ። ያልተነገረ ዝምታ ሰውን ያስጨንቃል፤ የተነገረ ዝምታ ግን የእናንተ ነው። ማንም አይነጥቃችሁም። ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ "ካን አይ ቲንክ አባውት ዛት ፎር ኤ ሞመንት?" ያለ ሰው ጥያቄውን አክብሮ የሚመልስ ሰው ይመስላል።

መልሱ ጨርሶ ካልመጣ "ካን አይ ካም ባክ ቱ ዛት?" ብላችሁ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ከዚያ ግን ተመለሱበት። ሰው ያስታውሳል።

ሌላም ዘዴ አለ። "ዜር አር ኤ ከፕል ኦፍ ቲንግስ" ብላችሁ ጀምሩ፤ ሁለት ያህል ነገሮች አሉ ማለት ነው። ይህን ካላችሁ የመጀመሪያውን ነገር ተናግራችሁ ብትቆሙም ሰሚው ይጠብቃችኋል፤ ገና አንድ ቀርቷችኋል። "ስሪ" ብላችሁ ቁጥር አትቁረጡ። ሦስት አለኝ ብሎ ሁለተኛው ላይ ሐሳብ ያለቀበትን ሰው አይቻለሁ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ደረጃ 7፦ መሃል ላይ ስትሰናከሉ

ጀምራችሁ ቃል ጠፋ እንበል። አማርኛ ለዚህ ቀን "እንትን" የምትባል ባለውለታ አለችው። ስም ሲጠፋ "እንትኑን አምጣው"፣ ግሥ ሲጠፋ "እንትን አደረገው"፣ የሰው ስም ሲጠፋ "እንትና"። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ የምትሸከም አንዲት ቃል የለውም። የሚቀርበው "ዋትስ ኢት ኮልድ" ነው፤ ስሙ ማነው እንደ ማለት።

እሱን ካላችሁ በኋላ አትቁሙ። ነገሩን በሥራው ግለጹት። ወረቀት መስፊያዋን ለማለት "ስቴፕለር" የሚለው ቃል ጠፋችሁ። "ዘ ቲንግ ዩ ዩዝ ቱ ጆይን ፔፐርስ ቱጌዘር" በሉ። ሰሚው ራሱ "ስቴፕለር?" ይላችኋል። እናንተም "ኤግዛክትሊ፣ ዘ ስቴፕለር" ብላችሁ ትቀጥላላችሁ። አፍ የፈቱትም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ቃል የሚጠፋው ለእኛ ብቻ አይደለም።

የምትቆሙበት ቦታም ይመረጣል ብያለሁ። "ቢኮዝ"፣ "በት" ወይም "ሶ" ካላችሁ በኋላ ቁሙ እንጂ ከእነሱ በፊት አይደለም። "አይ ዲድንት ጎ..." ብላችሁ ብትቆሙ ዓረፍተ ነገሩ አልቋል፤ ሰሚው ተራውን ይወስዳል። "አይ ዲድንት ጎ፣ ቢኮዝ..." ብላችሁ ብትቆሙ ግን ምክንያቱን ሳይሰማ መናገር አይችልም። በአማርኛ "ሄጄ..." ብላችሁ ስትቆሙ የምታገኙትን ትዕግሥት ያህል ነው። "ቢኮዝ"ን ሳብ አድርጓት፣ ድምፃችሁም አይውረድ። ድምፅ ከወረደ አልቋል ማለት ነው።

አንዲት ትንሽ የድምፅ ነገር ላንሳ። "ዘ" የምትባለዋን ቃል አፍ ፈቺዎች ሲቸገሩ "ዚ" ብለው ያረዝሟታል። እነዚያው ክላርክና ፎክስ ትሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለዚህ ጽፈዋል። ከአናባቢ በፊት "ዚ" ማለት የተለመደ ነው፤ ከሌላ ድምፅ በፊት ስትመጣ ግን "ቃል እየፈለግኩ ነው" ማለት ነው። "አይ ስፖክ ቱ ዚ... ማኔጀር" ዓይነት። ከአሁን በኋላ ስታዳምጡ ትሰሟታላችሁ። ትንሽ ብትሆንም ሐረግ መሃል ከሚወድቅ ጸጥታ ታድናችኋለች።

ዓረፍተ ነገሩ ከናካቴው ከተበላሸ አታስታምሙት። ጣሉት። "ሌት ሚ ፑት ኢት አናዘር ዌይ" ብላችሁ በአዲስ ጀምሩ። በሌላ መልኩ ልበለው ማለት ነው። ሰዋስው ለማረም ወደ ኋላ መመለስ ግን፣ ትርጉም ካልቀየረ በቀር፣ ይቅርባችሁ። "ሂ ጎ... ሂ ዌንት" እያሉ እያንዳንዱን ማረም ከስህተቱ በላይ ያደናቅፋል።

ደረጃ 8፦ ዓይንና ስልክ

ፊት ለፊት ስታወሩ ዓይናችሁም ይናገራል። ሰው መልስ ሲጀምር ዓይኑን ዘወር ያደርጋል፣ ሲጨርስ ወደ ሰሚው ይመልሳል። ስለዚህ እያሰባችሁ ሰውየውን ትክ ብላችሁ ካያችሁት ጨርሻለሁ ያላችሁ ይመስለዋል። ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን እዩ። ልታወሩ ስትሉ ተመለሱ።

በስልክና በኦንላይን ስብሰባ ይህ ሁሉ የለም። የኔትወርክ መዘግየትም ይጨመርበታል። እዚያ የመጀመሪያዋን ድምፅ ቶሎና ጠንከር አድርጋችሁ አውጡ፤ "ራይት" ጥሩ ነች። ማይክሮፎኑ ተዘግቶ ከነበረ ሲከፈት የሚጠፋውን ጊዜም አስቡት።

የሚያበላሹ ነገሮች

"ዩ ኖው" እና "ላይክ" ጥፋት አይደሉም። በየዓረፍተ ነገሩ ከሆኑ ግን ሰሚው እነሱን መቁጠር ይጀምራል። "አክቹዋሊ" ጊዜ መግዣ አይደለችም። አንተ እንዳልከው አይደለም የሚል መንፈስ አላት። ስማችሁን ለጠየቀ ሰው "አክቹዋሊ፣ ማይ ኔም ኢዝ..." ብትሉ የታረመ ይመስለዋል። "ኦብቪየስሊ" ደግሞ "ይህ እንኳ አይገባህም?" ትመስላለች። ተጠንቀቋት።

አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል። ሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ደቂቃ መዘጋጃ ይሰጣችኋል፤ እዚያ ጊዜ መግዣ ሐረግ ብዙም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው፣ ጠበቅ ያለ ጥያቄ የሚመጣው እዚያ ስለሆነ። መመዘኛው ማመንታትን ሁሉ አይቀጣም። ሐሳብ ፍለጋ የሚደረግ ማመንታትን ከቃልና ከሰዋስው ፍለጋ ይለያል፤ የመጀመሪያው ከፍተኛው ደረጃ ላይም ይፈቀዳል። "ሌት ሚ ቲንክ" ብላችሁ ከቆማችሁ የቆማችሁት ለሐሳብ ነው። "ኤ ቬሪ..." ብላችሁ ከቆማችሁ ለቃል ነው።

ልምምዱ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አምስቱን ሐረጎች ብቻ በሉ። ስትሄዱ፣ ዕቃ ስታጥቡ፣ ጮክ ብላችሁ። ሐረጉ እንደ አንድ ቃል ሳታስቡት እስኪወጣ ድረስ። በልብ ማለት አይቆጠርም፤ መልመድ ያለበት ምላስ ነው።

ቀጥሎ ሃያ ያህል ጥያቄ በቁርጥራጭ ወረቀት ጽፋችሁ አጣጥፏቸው። አንዱን አውጡ፣ አንብቡ፣ ወዲያው ሐረግ ጣሉ፣ በልባችሁ ሁለት ቁጠሩ፣ ከዚያ ጀምሩ። መልሱ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። እየተለማመዳችሁት ያለው መክፈቻውን ነው እንጂ መልሱን አይደለም። ግማሹን ጥያቄ ደግሞ አትመልሱት፤ ሁለት ምርጫ አቅርባችሁ መልሳችሁ ጠይቁት። ጓደኛ ካላችሁ እሱ ይጠይቃችሁ፣ ያቋርጣችሁም። መቋረጥን መልመድ ብቻውን አይቻልም።

በሁለተኛው ሳምንት እውነተኛ ወሬ ላይ በቀን አንዷን ብቻ ሞክሩ። ዛሬ "ዱ ዩ ሚን"፣ ነገ ከ"ቢኮዝ" በኋላ መቆም። ሁሉንም ባንድ ቀን ልሞክር ያለ ሰው የሚያወራው ስለ ዘዴው እያሰበ ነው፤ የሰውየው ጥያቄ ያመልጠዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያን የመጀመሪያ ጥያቄ እንደገና መልሱና ቅዱት። የድሮውን ቀረጻ አውጡና ጎን ለጎን ስሙ። ስንት ጊዜ ዝም እንዳላችሁ አትቁጠሩ፤ ምናልባት ቁጥሩ እንዲያውም ጨምሮ ይሆናል። ሐረግ መሃል የወደቁትን ብቻ ቁጠሩ።